ሁለት ደቂቃ ተኩል አጣጥፎ መላክ

የፊልም ትሬለር ለዓይን ቀላል፣ ለኮምፒውተር ግን ፈታኝ ነገር ነው። በሆሊውድ ደንብ አብዛኛው ትሬለር ከሁለት ደቂቃ ተኩል አይዘልም፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሰላ 3,600 ፍሬም መሆኑ ነው። አስቸጋሪነቱ ከርዝመቱ አይደለም፣ ከጠባዩ ነው። ቪዲዮ መጭመቅ የሚቻለው አንዱ ፍሬም ከቀደመው ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ እንደገና መላክ አያስፈልግም፤ «እንደነበረ ነው» ማለት ይበቃል። ትሬለር ግን ለዚህ ስሌት አይመችም። ትዕይንቱ በየሰከንዱ ይቆረጣል፣ ፍንዳታ ማያውን በነጭ ያጥለቀልቀዋል፣ ምስሉ ቀስ እያለ ወደ ጥቁር ይከስማል፣ ከጥቁሩ ውስጥ በነጭ ፊደል የተጻፈ ርዕስ ብቅ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ሌላ ትዕይንት ይተካል። ሙሉ ፊልም በሁለት ሰዓት ውስጥ አልፎ አልፎ የሚያመጣውን ችግር ሁሉ ትሬለር በደቂቃዎች አጭቆት ይመጣል።

የቪዲዮ ፎርማትን የሥራ ጥራት መፈተሽ የሚፈልግ ሰው ስለዚህ ከትሬለር የተሻለ መፈተኛ አያገኝም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሦስት ቤቶች ትሬለርን በኢንተርኔት ለማሳየት ተፎካክረዋል፦ የሲያትሉ ሪልኔትወርክስ፣ አፕል በኩዊክታይም፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ በዊንዶውስ ሚዲያ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ገበያ ጦርነት ነው፤ ማን ማንን ጣለ፣ ማን ቀረ እየተባለ። እኔን የሚስበኝ የእጅ ሥራው ነው። እያንዳንዱ ቤት ምን ጣለ፣ ምን አስቀረ፣ የጣለውንስ በምን ሸፈነ?

መጣሉ የግድ ነበር። 320 በ240 ፒክሰል የሆነ ትንሽ ምስል፣ ቀለሙ በተለመደው መንገድ ተቀንሶም እንኳ፣ በሰከንድ 22 ሚሊዮን ቢት ያህል ይፈልጋል። ሪልኔትወርክስ ለ56 ኪሎቢት ሞደም የመደበው ደግሞ ምስልና ድምፅ ተደምሮ 34 ኪሎቢት ነበር። ከ650 እጅ አንዱ ብቻ ያልፋል ማለት ነው፤ የቀረው 649 እጅ ተመልካቹ ሳያውቅበት መቅረት አለበት። የኮዴክ (ቪዲዮን የሚጨምቅና የሚፈታ ፕሮግራም) ሠሪ ጥበብ የሚለካው በዚህ አጣጣል ነው።

ሪልኔትወርክስ በ1995 ድምፅን፣ በ1997 ቪዲዮን በኢንተርኔት እያፈሰሰ የማጫወት ሥራ ጀመረ። የቤቱ እምነት ተመልካች መጠበቅ የለበትም የሚል ነበር፤ ተጫነው፣ ይጀምር። ለዚህ እምነት የተሠራው ምርጥ ዕቃ በ1998 የወጣው ሹርስትሪም ነው። ያው ትሬለር በተለያየ መጠን ተጨምቆ በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ለቀጭን መስመር አንድ፣ ለወፍራም መስመር ሌላ። ትሬለሩ እየተጫወተ ሳለ የተመልካቹ ማጫወቻና ሰርቨሩ ሳያቋርጡ ይነጋገራሉ። መስመሩ ሲጠብ ወደ ቀጭኑ ይወርዳሉ፣ ሲሰፋ ይወጣሉ።

ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፤ ረቂቁ ሥራ ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው። አብዛኛው ፍሬም ሙሉ ምስል አይደለም፤ ከቀደመው ፍሬም ምን እንደተለወጠ ብቻ የሚናገር ነው። ከአንዱ መጠን ወደ ሌላው በተሳሳተ ቦታ ከተዘለለ፣ ማጫወቻው ለውጡን የሚያሳርፈው በሌለው ምስል ላይ ይሆናል። ውጤቱም የተዋናይ ፊት ከግድግዳ ጋር የተለወሰ ጭቃ ነው። ስለዚህ ዝላዩ ሙሉ ምስል የያዘውን ቁልፍ ፍሬም መጠበቅ አለበት። ቁልፍ ፍሬሞች ሲበዙ ፋይሉ ይከብዳል፤ ሲያንሱ ደግሞ ዝላዩ ይዘገያል፣ እስከዚያው መስመሩ ይታነቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ልኩን ማግኘት የባለሙያ ሥራ ነበር። ቤቱ ከኔትስኬፕና ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በዚያው ዓመት ያወጣው የማጫወቻ ስምምነት እንኳ ጀምር፣ አቁም፣ ከዚህ ቀጥል የሚሉትን ትእዛዞች እንደ ቴፕ ቁልፎች አጥርቶ የደነገገ ሥራ ነው።

በትሬለር ላይ ግን ይህ ሁሉ ብልሃት ሽንፈት ይገጥመው ነበር። በጣም በተጨመቀ ቪዲዮ ውስጥ አዲስ ትዕይንት ሲጀምር ምስሉ በሻካራ መልኩ ይመጣል፤ ከዚያ በሚቀጥሉት ፍሬሞች እየጠራ ይሄዳል። ዜና አንባቢ ከሆነ ችግር የለውም፤ ሰውየው ተቀምጧል፣ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ፊቱ ይለያል። በትሬለር ግን ምስሉ ጠርቶ ሳያልቅ ሌላ ቁርጥ ይደርሳል፣ ሥራውም ከዜሮ ይጀመራል። ተመልካቹ ትሬለሩን ከዳር እስከ ዳር ሲያይ አንድም የተጠናቀቀ ምስል ላያገኝ ይችላል። በመንገድ ላይ የጠፋ የዳታ እሽግ ሲኖር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰውን ለመልቀም እንኳ ጊዜ አልነበረም።

አፕል በተቃራኒው በኩል ቆመ። መጠበቅ ይቻላል፣ ነገር ግን የተጠበቀው ነገር ሊታይ የሚገባው ይሁን አለ። በ1998 ኩዊክታይም 3 ሲወጣ ሶረንሰን የሚባል ኮዴክ አብሮት መጣ፤ ትሬለሮችን ለማየት ብቻ ብዙ ሰው ማጫወቻውን በኮምፒውተሩ ላይ እንዲጭን ያደረገውም ይኸው ነበር። ትልቁ ፈተና መጋቢት 11 ቀን 1999 ደረሰ። የስታር ዋርስ አንደኛ ክፍል ሁለተኛ ትሬለር በኩዊክታይም ፎርማት በኢንተርኔት ተለቀቀ፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ወረደ። ትልቁ ቅጂ 25 ሜጋባይት ገደማ ነበር። የ56 ኪሎቢት ሞደም በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ፣ እሱም የማይሆን ነገር ነው፣ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ሰዉ ግን ጠበቀ። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የመጀመሪያውን ትሬለር ለማየት ብቻ ለሌላ ፊልም የሲኒማ ትኬት የገዛ ሕዝብ ነበርና አንድ ሰዓት አልከበደውም። ያወረደውም ፋይል የራሱ ሆነ፤ ደጋግሞ ማየት፣ ፍሬም በፍሬም እየገፋ መመርመር ይችላል። እንዲህ የሚመረመር ሥራ ደግሞ ጉድለቱን የሚደብቅበት ቦታ የለውም።

ሶረንሰን ጉድለቱን እንዴት እንደደበቀ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ምስሉን 16 በ16 ፒክሰል በሆኑ አራት ማዕዘኖች (ብሎኮች) ይከፍለዋል። አንዱ ማዕዘን ለጥ ያለ ሰማይ ከሆነ እንዳለ ይተወዋል፤ ጠርዝ ወይም ፊት ካለበት ለሁለት ይከፍለዋል፣ ግማሹን እንደገና ለሁለት፣ እንዲህ እያለ 4 በ2 እስኪሆን ድረስ ይወርዳል። ለያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ምስል አይልክም፤ አስቀድሞ ከተዘጋጀ የቅርጾች መዝገብ የሚመስለውን መርጦ ቁጥሩን ይልካል፣ ካልበቃ ሌላ ማረሚያ ቅርጽ ይደርብበታል። ድካሙን ዝርዝር ባለበት ላይ ያውላል፣ ባዶ ቦታ ላይ አያባክንም።

በቀለም ላይ የወሰነው ውሳኔ ደፋር ነው። ለያንዳንዱ ፒክሰል ብሩህነቱን ይይዛል፤ ቀለሙን ግን ለ16 ፒክሰል አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀምጣል። አብዛኛው ኮዴክ ለአራት ፒክሰል አንድ ነው የሚይዘው፤ ሶረንሰን ከዚያ በአራት እጥፍ ቆጠበ። የሰው ዓይን የብርሃንን ጠርዝ እንጂ የቀለምን ጠርዝ አጥርቶ እንደማያይ ያውቃልና በዚያ ድክመት ላይ ተማመነ። በስታር ዋርስ ትሬለር ውስጥ ዳርዝ ሞል ባለ ሁለት ጫፍ ቀይ የብርሃን ሰይፉን ሲያበራ ይህ ውሳኔ ይፈተናል። ቀይ በጥቁር ላይ ቀለም ለሚቆጥብ ኮዴክ ክፉ ጠላት ነው። ዳሩ ግን ሰይፉ መሐሉ ነጭ ነው፤ ቀዩ በዙሪያው ያለው ጸዳል ነው። ነጩ አስኳል በብሩህነቱ በኩል ስለሚያልፍ ጠርዙ አይጎድልም። ቀዩ ጸዳል ቢደበዝዝም ጸዳል ከመጀመሪያውም ድብዝዝ ነው። ጉድለቱ ያረፈው ጉድለት በማይባልበት ቦታ ሆነ። ያው ኮዴክ ግን ከአሜሪካ ትሬለሮች በፊት በሚመጣው አረንጓዴ የፈቃድ ማሳወቂያ ሰሌዳ ላይ ይጋለጣል። በነጭ የተጻፉት ትንንሽ ፊደላት አረንጓዴው እየፈሰሰባቸው ዳርና ዳራቸው ይበከላል። ዕድል ሆኖ ሰሌዳውን ማንም አያነበውም።

ኮዴኩ ብቻውን ግን ጥሩ ትሬለር አያወጣም። ከጀርባው የሚጨምቀው ባለሙያ አለ፤ የሱ ሥራ የሚጀምረውም ከመጭመቁ በፊት ነው። ስቱዲዮው የሚልከው ቴፕ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን የተዘጋጀ ከሆነ፣ የፊልሙ 24 ፍሬም በተወሰነ ድግግሞሽ ተዘርግቶ በሰከንድ 30 የሚጠጋ ሆኗል። ባለሙያው ድግግሞሹን ፈልጎ ያወጣና ወደ 24 ይመልሰዋል። ከፍሬሙ አንድ አምስተኛው ይቀንስለታል፣ እንቅስቃሴውም የሲኒማ ጉዞውን ያገኛል። ከላይና ከታች ያሉትን ጥቁር መስመሮች ይቆርጣል፤ ጥቁር ነጻ ቢመስልም በጥቁሩና በምስሉ መካከል ያለው ስል ጠርዝ ቢት ይበላል። ሲቆርጥም ቁጥሩን ይመርጣል። ለሰፊ ፊልም 640 በ272 ይስማማል፤ ሁለቱም ለ16 ያለ ቀሪ ስለሚካፈሉ በዳር በኩል ግማሽ ብሎክ አይተርፍም። ጨለማ ትዕይንት ውስጥ የሚርመሰመሰውን የፊልም ቅንጣት ደግሞ ጥቁር ሊሆን የቀረበውን ሁሉ ፍጹም ጥቁር በማድረግ ጸጥ ያሰኘዋል፤ ማንም የማያየው ቅንጣት የተዋናይዋን ዓይን ቢት እንዳይሻማ። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የዚያን ዘመን ማኪንቶሽ ስክሪን ከፒሲው ይልቅ ጨለማውን አብርቶ ያሳያል፤ በማክ ላይ ልክ የሆነው ጥቁር በፒሲ ላይ ጉድጓድ ይሆናል። ጥሩ ባለሙያ በሁለቱም ስክሪን ላይ አይቶ መሐሉን ይመርጥ ነበር።

በመጨረሻ ትሬለሩን ሁለት ጊዜ ያስኬደዋል። በመጀመሪያው ዙር ማሽኑ የትኛው ቦታ ከባድ፣ የትኛው ቀላል እንደሆነ ይመዘግባል፤ በሁለተኛው ዙር ከጥቁሩ የርዕስ ሰሌዳ የተረፈውን ቢት ለፍንዳታው ያውላል። ይህ ሊሆን የቻለው አፕል ማውረድን ስለመረጠ ነው። ቢቱን በየሰከንዱ እኩል ማፍሰስ ላለበት ሰው ከአንዱ ቆጥቦ ለሌላው መስጠት ጠባብ ነገር ነው። ትዕግሥቱ ራሱ የሥራው መሣሪያ ሆነ።

ማይክሮሶፍት ዘግይቶ ደረሰ፣ ያመጣው ነገር ግን የሚናቅ አልነበረም። በ2003 የወጣው ዊንዶውስ ሚዲያ ቪዲዮ 9 አንድ ትንሽ ዕቃ በውስጡ ይዟል፤ ለትሬለር ተብሎ የተሠራ እስኪመስል ድረስ የሚገጥም ዕቃ። ምስል ወደ ጥቁር ሲከስም አስቡት። ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም፤ ቤቱ ባለበት ነው፣ ሰውየውም ባለበት ነው። ግን እያንዳንዱ ፒክሰል ከቀደመው ፍሬም ትንሽ ጠቁሯል። እንቅስቃሴ የሚፈልግ ኮዴክ የሚመሳሰል ነገር ያጣና ግራ ይጋባል፤ ምስሉን እንደ አዲስ ሊልክ ይነሳል፣ ቢቱ ያልቅበታል፣ ረጋ ያለው መክሰም ወደሚዘልሉ ብሎኮች ይለወጣል። የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች መፍትሔ የሚያስቀና ነው። ለፍሬሙ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ይላካሉ፣ እያንዳንዳቸው 6 ቢት። አንዱ የቀደመውን ምስል ብሩህነት በስንት እንደሚያባዙት፣ ሌላው ስንት እንደሚደምሩበት ይናገራል። ማጫወቻው የያዘውን ምስል በዚያው ልክ ያጠቁረዋል፣ ከዚያ ንጽጽሩ ይጀመራል። አሁን ሁሉም ነገር «እንደነበረ ነው»። በ12 ቢት አንድ ሙሉ ምስል ከመላክ ተድኗል። ገደብም አለው። ልኩ ለምስሉ በሙሉ አንድ ስለሆነ፣ አንዱ ትዕይንት በሌላው ውስጥ ሲሟሟ ብዙም አይረዳም። ለንጹሕ መክሰም ግን ከዚህ የቀለለ መልስ ማሰብ ይከብዳል።

እስካሁን ያየነው ሁሉ የምስሉን አጨማመቅ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ያለው ግን ተመልካች ፈጽሞ የማያየው ቦታ ላይ፣ በፋይሉ ሣጥን ውስጥ ነው። ኩዊክታይምን የመራው ብሩስ ሊክ በግንቦት 1991 ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ሲያሳየው በ320 በ240 መስኮት የአፕልን ታዋቂ የ1984 ማስታወቂያ አጫወተ። ከዚያ ዘመን ኮዴኮች ዛሬ ማንም የሚጠቀምበት የለም። ሣጥኑ ግን አለ።

ሣጥኑ አተም ከሚባሉ ክፍሎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ አተም መጠኑን አስቀድሞ ይናገራል፣ ቀጥሎ በአራት ፊደል ስሙን። ማጫወቻው ስሙን ካላወቀው መጠኑን አይቶ ያልፈዋል። በዚህች አንዲት ደንብ ምክንያት ወደፊት የሚፈጠር ነገር ሁሉ የቆየውን ሳይሰብር ሊገባ ይችላል። ሣጥኑ በውስጡ ያለው ምስል በምን እንደተጨመቀ ግድ የለውም። ሶረንሰን ይሁን፣ ገና ያልተፈለሰፈ ይሁን፣ የሚያስቀምጥበት ቦታ አለው። ጊዜን የሚቆጥረው ደግሞ ሰከንድን ለ600 በመክፈል ነው። ለምን 600? ለ24 ይካፈላል፣ እሱ ሲኒማ ነው፤ ለ25 ይካፈላል፣ እሱ የአውሮፓ ቴሌቪዥን ነው፤ ለ30ም ይካፈላል። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጎደሎ 29.97 ብቻ አይገባበትም፤ ለሱ ሲባል እያንዳንዱ የምስልና የድምፅ መስመር የራሱን አቆጣጠር እንዲይዝ ተፈቅዷል። ቁጥሩን የመረጠው ሰው ሦስት ዓለም በአንድ ሣጥን እንደሚገናኝ አስቦ ነው የመረጠው።

ኢንተርኔት ሲመጣ ይህ ሣጥን አንድ ችግር ገጠመው። እያንዳንዱ ፍሬም የት እንደሚጀምር የሚናገረው ማውጫ በፋይሉ መጨረሻ ይቀመጥ ነበር፤ ቀረጻው ሳያልቅ ማውጫው አይታወቅምና። ከዲስክ ሲነበብ ጉዳት የለውም። በሞደም ሲመጣ ግን ተመልካቹ የመጨረሻዋ ባይት እስክትደርስ አንድም ፍሬም አያይም። መፍትሔው ማውጫውን ወደ ፊት ማምጣት ሆነ፤ ያም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማውጫው ወደ ፊት ሲመጣ ምስሎቹን ሁሉ በራሱ ርዝመት ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ በውስጡ ያሉት አድራሻዎች በሙሉ በዚያው ልክ መታረም አለባቸው። ከዚህ በኋላ ትሬለር እየወረደ መጫወት ቻለ። በጥራት ረገድ ማውረድ ነው፣ በስሜት ረገድ ግን ወደ ሪልኔትወርክስ ተጠጋ።

በ1998 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ይህንን ሣጥን ለኤምፔግ 4 ፋይል መሠረት አድርጎ ተቀበለው። ዛሬ ኤምፒ4 የምንለው እሱ ነው። በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፉ የነበሩት የ3ጂፒ ቅንጭብ ቪዲዮዎችም ከዚሁ ሣጥን የተቀዱ ናቸው።

ፉክክሩ ራሱ የተቋጨው በሦስቱ በአንዳቸውም አልነበረም። በ2002 ፍላሽ ማጫወቻ ቪዲዮ ማሳየት ጀመረ፣ በ2005 ዩቲዩብ ተከፈተ። ምስሉ ከአፕል ትሬለሮች እጅግ ያነሰ ነበር፤ ግን ማጫወቻ ጫን፣ ፎርማት ምረጥ የሚል ጥያቄ አልነበረውም። ምቾት ጥራትን ረታ። በዚያው ዓመት አፕል ኩዊክታይም 7ን ከኤች.264 ኮዴክ ጋር አወጣና ትሬለሮችን በ1080 መስመር ጥራት ማሳየት ጀመረ፤ የእጅ ሥራው ከፍታ ላይ የደረሰው ገበያው ፊቱን ባዞረበት ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። የአፕል የትሬለር ገጽ እስከ 2023 ቆይቶ ተዘጋ።

ዛሬ በሞባይል ዳታ ትሬለር የሚከፍት ሰው ምስሉ በሻካራ ጀምሮ ሲጠራ፣ ኔትወርኩ ሲደክም ደግሞ ሳይቋረጥ ሲወርድ ያያል። ይህ የሹርስትሪም ሐሳብ ነው፤ ቁልፍ ፍሬሙን የመጠበቅ ደንቡም ያው ነው። የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በኩዊክታይም ሣጥን ነው፣ በጥቂት ሰከንድ ቁርጥራጭ ተከፋፍሎ። ምስሉ ወደ ጥቁር ሲከስም ብሎኮቹ ካልዘለሉ፣ ኤች.264ም ሆነ ተከታዮቹ ማባዣና መደመሪያ ቁጥር የመላክን ብልሃት ስላካተቱ ነው። ሦስቱ ቤቶች ይፎካከሩበት የነበረው ጉዳይ አንድ ፋይል ውስጥ ተስማምቶ ይሠራል።

የጠፋው የባለሙያው እጅ ነው። አሁን ትሬለርን የሚጨምቀው ማንም ሳያየው የሚሠራ ማሽን ነው፤ ለሠርግ ቪዲዮም ለትሬለርም አንድ ዓይነት ደንብ ይጠቀማል። መስመሩ ስለሰፋ ብዙ ሰው ልዩነቱን አያስተውልም። ከሦስቱ ቤቶች ሥራ አንዱን ብቻ አወድስ ብባል ግን ሣጥኑን እመርጣለሁ። ኮዴኮቹ ሁሉ የዘመናቸውን ሞደም ለማሸነፍ ተሠሩ፤ ሞደሙ ሲቀር አብረው ቀሩ። ሣጥኑን የሠሩት ግን ከእነሱ የተሻለ ኮዴክ ወደፊት እንደሚመጣ አምነው፣ የማያውቁትን እንግዳ የሚያስተናግድ ቦታ አስቀድመው ተዉ። ከሠላሳ ዓመት በኋላም ያገለገለው በዚያ ትሕትናው ነው።